ጥርስን በእርጅና ዘመን መጠበቅ፦ ለአረጋውያንና ለሚንከባከቧቸው ልጆች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ጅማ በሚገኘው ቤታችን ቡና ስታፈላ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ቆሎውን ለጎረቤቶቿ ታዞራለች እንጂ ራሷ አትነካውም፤ ዳቦውን ቆርሳ ሲኒው ውስጥ ትነክርና በግራ በኩል ብቻ ታላምጣለች፤ ስትስቅ ደግሞ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት «ዕድሜ ነው ልጄ፤ ጥርስም እንደ ሰው ያረጃል» አለችኝ። ይህን አባባል ከሂርማታ እስከ ጅሬን በየቤቱ ስለምንሰማው እውነት ይመስለናል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ጥርስ በአብዛኛው የሚወልቀው ዕድሜ ስለገፋ ሳይሆን፣ የድድ በሽታና መቦርቦር ለዓመታት ሳይታከሙ ስለቆዩ ነው፤ ሁለቱንም ደግሞ በሰባም ሆነ በሰማንያ ዓመት መግታት ይቻላል። ዕድሜ የሚለውጠው አፍ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ነው፤ በጉልምስና ይበቃ የነበረው አያያዝ በእርጅና የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአፍ ውስጥ ምን ተለወጠ?

ጠዋት በመስኮት በኩል ብርሃን ሲገባ መስታወት ይዘው ከንፈርዎን ገለጥ ያድርጉና ጥርስዎ ከድድዎ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ይመልከቱ። በብዙ አረጋውያን አፍ ውስጥ ድዱ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ከነጩ የጥርስ ክፍል በታች ቢጫማ ሆኖ ቀለሙ የደበዘዘ ክፍል ይታያል። ይህ የጥርሱ ሥር ነው። ላይኛው ክፍል በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ በሚጠነክር ልባስ የተሸፈነ ሲሆን፣ ሥሩ ግን ይህ ልባስ የለውም። ልባሱ መሟሟት የሚጀምረው በአፍ ውስጥ ያለው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ ነው፤ ሥሩ ግን ገና ከ6 በላይ ሳለ መሟሟት ይጀምራል። በሌላ አነጋገር፣ የወጣትን ጥርስ የማይጎዳ ትንሽ ስኳር የአረጋዊን የጥርስ ሥር ይጎዳል። በእናቴ የታችኛው ክራንቻ ጥርስ አንገት ላይ እንደ ጥፍር ጨረቃ የቀጠነች ቡናማ መስመር ነበረች፤ በሐኪሙ መሣሪያ ጫፍ ሲነካት እንደ ቆዳ ለስለስ ትል ነበር። ሕመም አልነበረውም፤ ችግሩም ይኸው ነው። የሥር መቦርቦር ብዙውን ጊዜ ሳያም ይሄድና አንድ ቀን ጥርሱ ከአንገቱ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ለውጥ ምራቅ ነው። ጤናማ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል፤ ይህ ምራቅ አሲዱን ያበርዳል፣ የምግብ ትርፍራፊ ያጥባል፣ ለጥርሱም ማዕድን ይመልሳል። ምራቅን የሚያደርቀው በዋነኛነት ዕድሜ ራሱ ሳይሆን በእርጅና ዘመን የሚወሰዱት መድኃኒቶች ናቸው። ለደም ግፊት የሚሰጡ የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ እንዲሁም ለነርቭ ሕመምና ለእንቅልፍ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ የአለርጂ መድኃኒቶችም ጭምር አፍን ያደርቃሉ። ጫትም እንዲሁ ያደርቃል፤ ከእሱ ጋር ለስላሳ መጠጥ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ሲጨመር ደረቅ አፍና ስኳር ለሰዓታት አብረው ይቆያሉ፤ ለተገለጠ የጥርስ ሥር ከዚህ የከፋ ነገር አላውቅም።

ሌሊት ውኃ ለመጠጣት የሚነሡ፣ ደረቅ ዳቦ ያለ ውኃ የማይወርድላቸው፣ ወይም ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር የሚጣበቅባቸው አረጋውያን የአፍ ድርቀት እንዳለባቸው መገመት ይቻላል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ይልቁንም ለሐኪም ነግሮ የሚቀየር ወይም መጠኑ የሚስተካከል መሆኑን መጠየቅ ነው። እስከዚያው ድረስ ውኃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማግኘት ከተቻለ ማኘክ፣ ከረሜላን ግን ለማርጠቢያ ብሎ አለመምጠጥ ይረዳል።

ቡናና ስኳር

ጅማ ላይ ስለ ጥርስ እየጻፉ ቡናን ማለፍ አይቻልም። ቡናው ራሱ የጥርሱን ቀለም ያጠቁረዋል እንጂ አይቦረቡረውም፤ የሚቦረቡረው አብሮት የሚገባው ስኳር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ ቢጨመር 24 ግራም ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለጤና ተጨማሪ ጥቅም የሚመክረው የቀን መጠን ከምግብ ኃይላችን 5 በመቶ በታች፣ ይኸውም 25 ግራም ገደማ ነው። የአንድ ቡና ሥነ ሥርዓት ብቻውን የቀኑን ድርሻ ጨረሰ ማለት ነው።

ከመጠኑ ይበልጥ ለጥርስ የሚያሳስበው ግን ጊዜው ነው። ስኳር አፍ በገባ ቁጥር በጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ምራቅም ይህን አሲድ ለማብረድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ስኳር ይመጣል፤ ሁለት ጎረቤት ዘንድ በቀን ሁለት ጊዜ ቡና የሚጠጣ ሰው ጥርሱ ለሰዓታት በአሲድ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ምክሬ ቡናውን ተዉ የሚል አይደለም፤ አብሮ ቁጭ ብሎ መጫወት ለአረጋዊ ሰው ከመድኃኒት የማያንስ ጥቅም እንዳለው አምናለሁ። ስኳሩን ግን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መጣል ይቻላል፤ እናቴ በሁለት ወር ውስጥ ጤና አዳም ብቻ አድርጋ መጠጣት ለመደች። በገጠሩ ቡናን በጨው የሚጠጡ አረጋውያን አሉ፤ ለጥርስ ከስኳር ይሻላል፣ ግፊት ላለበት ሰው ግን አይሆንም፤ ስለዚህ ሁለቱም የሌለበት ይመረጣል። ከቡና በኋላ አንድ ጉንጭ ውኃ ይዞ መጉመጥመጥም ጥሩ ልማድ ነው።

ስለ ማርም አንድ ነገር ልበል። ማር መድኃኒት ነው የሚለው እምነት በአካባቢያችን ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ስኳር የተከለከሉ አረጋውያን ሻያቸውን በማር ያጣፍጣሉ። ለጥርስ ማርም ስኳር ነው፤ እንዲያውም ስለሚጣበቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ቆሎን በተመለከተ፣ ጥርሱ የተሞላለት ወይም የተሰነጠቀበት ሰው ጠንካራ ሽምብራና ባቄላ ቢተው ይሻላል፤ ለቡና ቁርስ ንፍሮ ወይም ለስላሳ ዳቦ ይተካዋል።

እንዴት ይጽዳ?

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ደቂቃ፣ ለስላሳ ጸጉር ባለው ብሩሽና ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ማጽዳት ዋናው ነገር ነው። ሱቅ ሲገዙ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድ መጠን ይመልከቱ፤ ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ያለው ተገቢ ነው። አንዳንድ ሰዎች ፍሎራይድን የሚፈሩት በዝዋይና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያደጉ ዘመዶቻቸው ጥርስ ቡናማ ሆኖ ስላዩ ነው። ያ የሚደርሰው ጥርሱ በመንጋጋ ውስጥ ገና በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ በመጠጣት ነው፤ ጥርሱ ካደገ በኋላ በጥርስ ሳሙና አማካኝነት አይመጣም። ለተገለጠ የጥርስ ሥር ፍሎራይድ ካሉን መከላከያዎች ሁሉ ይበልጣል።

ብሩሹን ጠጋ አድርጎ ግማሹ በድድ፣ ግማሹ በጥርስ ላይ እንዲያርፍ ካጋደሉ በኋላ በአጭር በአጭሩ ማንቀሳቀስ ነው፤ እንደ ድስት መፈግፈግ ግን ሥሩን ይበላዋል። የከሰል ዱቄት፣ አመድና ደረቅ ጨው ጥርስ ያነጣሉ ተብለው ከልጅነት ጀምሮ ቢለመዱም፣ በእርጅና ዘመን በተገለጠው ሥር ላይ እንደ ሞረድ ስለሚሠሩ መተው አለባቸው። ሲጨርሱ አረፋውን ይትፉ እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጡ፤ በጥርሱ ላይ የሚቀረው ቀጭን የሳሙና ንጣፍ ነው ሌሊቱን የሚሠራው። ሙስሊም አረጋውያን ይህን ከውዱእ ጋር ማስማማት ይችላሉ፤ የዒሻን ውዱእ አድርገው ከሰገዱ በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ ጥርስን ማጽዳት በቂ ነው። በረመዳን ደግሞ ከሱሁር በኋላ ፈጅር ሳይገባ ማጽዳቱ እንዳይዘነጋ።

መፋቂያን የሚንቁ ወጣቶች አሉ፤ እኔ አልንቅም። በትክክል የተያዘ የወይራ ወይም የሲዋክ መፋቂያ ቆሻሻን ያስለቅቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ሁለት ጉድለቶች ግን አሉበት። የመጀመሪያው፣ ሰዎች የሚፍቁት የሚታየውን የፊት ጥርስ በመሆኑ በምላስ በኩል ያለው የመንጋጋ ጥርስ ይቀራል። ሁለተኛው፣ በአግድም ሲሳብ ድዱን እየገፋ ያሸሸዋል። ጫፉን በጥርስ አኝኮ እንደ ጸጉር ማለስለስ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ብቻ መሳብ፣ በየቀኑ ጫፉን ቆርጦ ማደስ፣ ማታ ግን ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙና አለመተው ነው። በጥርሶች መካከል ለሚገባ ሥጋ ሲባል የሚሰነጠቅ የክብሪት እንጨት ድድን ያቆስላል፤ የጥርስ ክር ወይም በጥርስ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ማግኘት ካልተቻለ፣ ስቴኪኒን በዝግታ ሳይገፉ መጠቀም ይሻላል።

ድድ ሲደማ

የሚደማን ድድ ብዙ ሰው እንዳይደማ ብሎ ሳይነካው ይተወዋል፤ ማድረግ የሚገባው ተቃራኒውን ነው። የሚደማው ቆሻሻው ሥር ስለሰደደ በመሆኑ፣ በለስላሳ ብሩሽ በጥንቃቄ ማጽዳቱ ሲቀጥል ቀለል ያለ መድማት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ካልቀነሰ፣ የደነደነ የጥርስ ድንጋይ አለ ማለት ሊሆን ይችላልና በሐኪም መታጠብ ያስፈልገዋል። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች በዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ ንቅሳቱ የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን፣ ሕመሙን በቀለም ሳይሆን በደምና በእብጠት፣ በአፍ ጠረንና በጥርሱ መነቃነቅ ነው መለየት የሚቻለው።

የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች የድድ ሕመም ይበረታባቸዋል፤ የድድ ሕመሙም በበኩሉ ስኳሩን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርገዋል። ለግፊት አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን የሚወስድ ሰው ድዱ እያበጠ ጥርሱን መሸፈን ከጀመረ፣ ምክንያቱ መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይንገር። በወጣትነት ዘመን ለጌጥ የተገጠመ የወርቅ ጥርስ ያላቸው ደግሞ ከወርቁ ሥር ያለው ጥርስ ሊበሰብስ እንደሚችል አውቀው በዙሪያው ያለውን ድድ በደንብ ያጽዱ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ

እናቴ በቀኝ በኩል ያሉት ሦስት ጥርሶቿ ሊተርፉ ባለመቻላቸው ተነቅለው በሰው ሠራሽ ተተኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ድዷን ከውስጥ በኩል አቆሰላት፤ ጥርሱን ወደ ሠራልን ሰው ብንመለስ «ይለምድልዎታል» ብሎ ሸኘን። ለአንድ ወር ያህል ቁስሉን ይዛ ኖረች። በኋላ ሌላ ሐኪም ጥርሱን ተቀብሎ አንዱን ጠርዝ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሞረደውና ሕመሙ ቆመ። አዲስ ጥርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንግዳ ሆኖ መሰማቱ፣ ምራቅ ማብዛቱና ንግግር ማኮላተፉ የሚጠበቅ ነው፤ ማቁሰል ግን የሚለመድ ነገር አይደለም፤ ይስተካከላል።

ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ አውልቆ በውኃ ማለቅለቅ፣ በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ በብሩሽና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል፤ የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል። ከእጅ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ስለሚሰበር፣ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳፋ ወይም የታጠፈ ፎጣ ያድርጉ። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል፤ በረኪናም ብረት ያለበትን ያበላሻል። ማታ ማውለቅ ግዴታ ነው ብዬ እላለሁ፤ ሌሊቱን አፍ ውስጥ የሚያድር ጥርስ ከላንቃ በታች ፈንገስ ያራባል፣ ላንቃውም ቀልቶ ይቃጠላል፣ የአፍ ጥግም ይሰነጠቃል። ክዳን ባለው ኩባያ ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ ይደር፤ ድድና ምላስም በለስላሳ ብሩሽ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጉ።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት በየዓመቱ እየሟሸሸ ስለሚሄድ፣ በልኩ የተሠራው ጥርስ ከዓመታት በኋላ ይሰፋል። በዚህ ጊዜ ከውስጥ በኩል እንዲሞላ ወደ ሐኪም መውሰድ እንጂ በቤት ውስጥ በሱፐር ግሉ ለማጣበቅ መሞከር መርዝ ወደ አፍ ማስገባት ነው። ምንም ጥርስ የሌለው ሰውም በዓመት አንድ ጊዜ አፉን መታየት አለበት።

ሲያም ምን ይደረግ?

በሌሊት ጥርስ ሲጠዘጥዝ የተገኘውን ሁሉ መሞከር የተለመደ ነው። ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ መጉመጥመጥና መትፋት አይጎዳም፤ ቅርንፉድ በሚያመው ጥርስ ላይ ማድረግም ለጊዜው ያደነዝዛል። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ፣ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ማስያዝ ግን ሥጋውን ያቃጥላሉ፤ በማግስቱ ከጥርሱ ሕመም ሌላ የተላጠ ድድ ይዘን እንቀመጣለን። ግፊት፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት አረጋዊ ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት አደገኛ ነው፤ ፓራሲታሞል በአብዛኛው ይሻላል፣ መጠኑንም ከባለሙያ መጠየቅ ነው። አሞክሳሲሊን ደግሞ የተቦረቦረ ጥርስ አያድንም፤ ሕመሙን ለሳምንት አስታግሶ ጉዳዩን ያስረሳል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ከከበደ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ

ጅማ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ከተማ ነች። ዩኒቨርሲቲው የጥርስ ሐኪሞችን ስለሚያሠለጥን በሕክምና ማዕከሉ አገልግሎቱ ይገኛል፤ ከአጋሮ፣ ከዴዶ፣ ከሰቃ የሚመጡ ቤተሰቦችም እስከ አዲስ አበባ መጓዝ ሁልጊዜ አይጠበቅባቸውም። በማስተማሪያ ሆስፒታል ተማሪው አይቶ መምህሩ ደግሞ ስለሚያይ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ አረጋዊው ቁርሱን በልቶ፣ የዕለት መድኃኒቱን ወስዶ በጠዋት ይሂድ። የጤና መድን ያላቸው ምን እንደሚሸፈንና ምን እንደማይሸፈን አስቀድመው ይጠይቁ።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው በአንድ ፌስታል ይዘው ይቅረቡ። በተለይ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሳይናገር ጥርስ ቢነቀል ደሙ ለመቆም ሊያስቸግር ይችላል፤ «ጥርስ ልነቀል ነው» ብሎ በራሱ ቢያቋርጠው ደግሞ የልብና የአንጎል አደጋ ሊመጣ ስለሚችል፣ ውሳኔው የሐኪሞቹ ይሁን። ይነቀል ከተባለ ከመስማማትዎ በፊት «ሊሞላ ወይም ሊታከም አይችልም ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ መልሱ አይችልም ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የአረጋዊ ሰው ጥርስ የሚነቀለው አረጋዊ ስለሆነ ብቻ፣ ማንም ስላልጠየቀ ነው።

በአፍ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይጠረግ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፣ ወይም እብጠት ካለ ባያምም እንኳ ይታይ፤ በተለይ ሲጋራ ወይም ትንባሆና አልኮል በሚጠቀም ሰው ላይ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

የታመመን አረጋዊ አፍ ማጽዳት

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም የተኮማተረ አረጋውያን ብሩሹ ስለሚያመልጣቸው እጀታውን በጨርቅ ወይም በጎማ ጠቅልሎ ማወፈር ለብዙዎቹ በቂ ነው። ራሳቸው እስከቻሉ ድረስ ራሳቸው ያጽዱ፤ ልጅ በመጨረሻ የቀረውን ብቻ ያስተካክል። ፈጽሞ የማይችሉ ከሆነ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ከኋላቸው መቆም፣ ጭንቅላታቸውን በደረት ደግፎ በአንድ እጅ ጉንጫቸውን ገለጥ እያደረጉ በሌላው ማጽዳት ይቀላል። የሚረሱ አረጋውያን እንግዳ ነገር ወደ አፋቸው ሲመጣ ስለሚፈሩ፣ «እማማ፣ አሁን ከላይ ልጀምር ነው» እያሉ እያንዳንዱን እርምጃ አስቀድሞ መንገር ፍርሃታቸውን ያረግባል።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው አፉ ካልጸዳ ባክቴሪያው ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ስለሚችል፣ ይህ ሥራ ከመመገብ እኩል መታየት አለበት። ትራስ ደራርቦ ቀና ማድረግ ወይም በጎን ማስተኛት፣ በብሩሹ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ብቻ ማድረግ፣ አረፋውን በንጹሕ ፋሻ መጥረግ፣ ከንፈሩን ቫዝሊን መቀባት ነው። ጣትን በጥርሶቹ መካከል አያስገቡ፤ ሳያውቁት ሊነክሱ ይችላሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ከሆነ፣ ማታ ማታ አውልቆ በኩባያው ውስጥ ማስቀመጥ የማን ሥራ እንደሆነ በቤቱ ያሉ ሁሉ ተነጋግረው ይወስኑ፤ ኩባያውም የቤት ሠራተኛዋ ወይም ሕፃናቱ ሳያውቁ በማይደፉት ቦታ ይቀመጥ።